አባባ ተሰማና የዋልተር ሞተር ሳይክል

አስተርጓሚ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆናችሁ እሰየው። እኔ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ሲያትል ቢከን ሂል ስንኖር፣ ሳልፈልግ ሆኜ ነበር።

ጎረቤታችን ዋልተር ይባላል። እንግሊዝ አገር ተወልዶ እዚህ ያረጀ ሰውዬ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛው አልፈቀደልኝም።

ዋልተር ጋራዡ ውስጥ አንድ ሞተር ሳይክል ነበረው። የዛሬውን እንዳታስቡ። ሞተር የተሸከመ ብስክሌት በሉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች የነዱት ዓይነት ነው። የስልክ ሽቦው በመድፍ ሲበጠስ፣ ፈረሱን ጭቃ ሲይዘው፣ የጄኔራሉ ደብዳቤ በዚህ ይሄዳል። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ግን ሰንሰለት አይደለም፣ ቀበቶ ነው። ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ መልእክተኛው ወርዶ ይገፋል። ጥይት እየተተኮሰ መግፋቱን አስቡት እንግዲህ!

የዋልተር አባት ከነዚያ አንዱ ነበር። ለልጁ የጦርነቱን ወሬ ሁሉ ሲያወራለት፣ የሞተሩን ድምፅ ግን «ካልሰማኸው አይነገርም» ይለው ነበር አሉ። ዋልተር ከአንድ ገበሬ ጎተራ ተበታትኖ የተቀመጠ አንድ ገዛና ለዓመታት ገጣጠመው። አልነሳ አለ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ቤቱን ለቆ አሪዞና፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። ድምፁን ሳይሰማ!

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አባት፣ አባባ ተሰማ፣ ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የፈጁ መካኒክ ናቸው። ሙያውን የለመዱት ጣልያን ሲባረር እንግሊዞች ጥለውት በሄዱት ሞተር ሳይክል ነው። የዋልተርን ሲያዩ «የዚህን የልጅ ልጅ አውቀዋለሁ!» አሉና ካፖርታቸውን አወለቁ።

ሶ፣ እኔ መሐል ገባሁ።

አባባ ሞተሩን ዞረው ዞረው አዩና፣ «እሳቱ ያለ ጊዜው ነው የሚመጣው። ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ እንዲህ አድርጎ የገጠመው አህያ ማነው?» አሉኝ።

አህያው ፊቴ ቆሞ በጉጉት ያየኛል። ጎረቤት ይሰደባል እንዴ? «ማግኔቶውን በጣም ጥሩ አድርገህ ገጥመኸዋል ይላሉ» አልኩት። ዋልተር ደስ ብሎት፣ እንግዲያው ማግኔቶው አይነካም አለ። ሌላ ሌላውን መፍታት ጀመረ።

ሁለት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። አባባ «ይሄ ሰው ደንቆሮ ነው?» ሲሉ፣ እኔ «ትዕግሥትህን አደነቁ» እላለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሥራ ተጠራሁ፤ የኤርፖርት ሻትል ነበር የምነዳው። ዋልተር ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሽማግሌዎቹ ያለ እኔ ቀሩ። በልቤ አዘንኩላቸው።

ስመለስ ዳገቱ ላይ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለካ አባባ ማግኔቶውን በጣታቸው ጠቁመው፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መትተው ኖሯል። ዋልተር ወዲያው ገባው። ስድቡ ሳይተረጎም ማለት ነው! አሁን ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እንባው ይወርዳል። «አባቴ ልክ ነበር፣ አይነገርም» አለኝ።

የሲያትል ዝናብም አልታገሠም። ቀበቶው ተንሸራተተ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሳቁ ሞተሩን ዳገቱ ላይ መግፋት ጀመሩ። ላግዛችሁ ብል፣ አባባ «አንተ እስካሁን ያገዝከን ይበቃናል» አሉኝ።

ዋልተር አሪዞና ከገባ ከሳምንት በኋላ ኮል አደረገ። አባባን አቅርብልኝ አለና በስልኩ ሞተሩን አስነሳላቸው። አባባ ስፒከሩ ላይ ጆሯቸውን ደፍተው አዳመጡ። ፊታቸው ተኮሳተረ። ዋልተር አንድ ነገር ነካክቷል።

«ጉድ!» ብለው ጮኹ።

ዋልተር ፈነደቀ። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነው ያስተካከልኩት፣ ጉድ ማለታቸው ትልቅ ክብር ነው እያለ እንግሊዝኛውን አንበለበለው።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል?»

«ጥፋቱን አምኗል» አልኳቸው።