ዙሪያ ጥምጥም የሄደው ሽቦ

ዕቃ የጠገነ ሰው ኩራቱ ልክ የለውም። ዕቃው ተመልሶ ቢበላሽ በሙቀቱ፣ በአቧራው፣ በባለቤቱ እጅ ያሳብባል እንጂ ወደ ራሱ አይመለከትም። እናንተን አላውቅም፤ እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ያኔ አዋሽ ዳር ባለ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ሬዲዮ እጠግናለሁ። የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ሻይ ቤት ያለችው ትራንዚስተር በእጄ አልፋለች። አዲስ ዓይነት ናት፤ ሆዷ ውስጥ እንደ ድሮዎቹ የሽቦ ጫካ የለም፤ የመዳብ መስመሮች የታተሙባት አንዲት ስስ ሰሌዳ ብቻ። አንዱ መስመር ተበጥሶ ስለነበር በሽቦ ቀጠልኩት። እንዲያምርልኝ ብዬ ሽቦውን በሰሌዳዋ ጠርዝ አዙሬ አስተኛሁት። ተመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን የእርሻው ጄኔሬተር በተነሣ ቁጥር ሬዲዮዋ እንደ ንብ መንጋ ትጮኽ ጀመር። «ጄኔሬተሩ አርጅቷል» ብዬ ፈረድኩ።

ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ሰማዩ በአቧራ ስለተጋረደ የጨረቃዋን ወሬ የምንጠብቀው ከባሕር ማዶ ጣቢያ ነው። እትዬ ዘይነባ ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ።

«ልጄ፣ ለአርባ ጥጥ ለቃሚ የዒድ ፍየሎች አስሬአለሁ። ይታረዱ ወይስ ይደሩ? በዚህ ሙቀት ሥጋ አያድርም። ይቺን ጩኸት አስቁምልኝ።»

ጥፋቱ የጄኔሬተሩ መሆኑን ላስረዳት የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግቼ ሰሌዳዋን አሥር እጥፍ አሳድጌ በከሰል ሣልኩ፤ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን፣ የሚመለስበትን፣ የእኔንም ሽቦ ሳይቀር። እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብላ አየች።

«ሌሎቹ አጠገብ ላጠገብ ሄደው ይመለሳሉ። ይሄኛውን ምን አስዞረው? ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ነው እንዴ ቤቱ የሚገባው?»

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። መሄጃውና መመለሻው ተራርቀው በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ከፍተዋል፤ የጄኔሬተሩ መግነጢስ በዚያ ሜዳ እንዳሻው ይገባል።

«ጄኔሬተሩ ነው» አልኩ፣ በደከመ ድምፅ።

«ጄኔሬተሩ እዚህ ሥዕል ላይ የት አለ?»

የለም። ሽቦውን ነቅዬ በጥፍር ቁመት ቆረጥኩና ከመመለሻው አጠገብ በየድኩት። ጀንበር ስትጠልቅ ጄኔሬተሩ እያገሣ ሬዲዮዋ ጥርት ብላ ተናገረች። አንድ ሼህ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና ዓረብኛውን ተረጎሙልን፦

«ጨረቃ አልታየችም። ነገም ጾም ነው።»

 ከዚያ አንዱ ለቃሚ፣ «ወንድሜ፣ ሬዲዮዋን እንደ ነበረች አድርጋት!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፍየሎቹ ተፈቱ። እትዬ ዘይነባ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ያሰማኸን አንተ ነህ። ወላሂ፣ ነገ አብረኸን ትጾማለህ!»

ጾሙ የእኔ ባይሆንም፣ ደስታዬ ስላየለ እሺ አልኩ። ጾምኩም።

እስከ ረፋድ።