ደረሰኝ ይዞ ፎቶ መነሳት

ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው መቼም በስልሳ አራት ዓመቱ ኮሌጅ የገባ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም። ለነገሩ አምባር ደህና ነው። አምባር አሳይንመንት የለውም። አምባር ሰኞ ጠዋት ክፍል ፊት አቁሞ «ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ ምን ሊነግረን ነው የፈለገው?» ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ግን ገባሁ። ምን ቆርጦህ ገባህ ብትሉኝ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው ጠይቆኛል። መቁጠር አመሌ ነው፤ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስኖር ከእጄ የወጣውን የግቢ በር እስከ መጨረሻው ቆጥሬዋለሁ፦ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ብየዳ የጀመርኩት ትምህርት ጠልቼ ሳይሆን አባቴ ስለሞተ ነው። ልጆቼን ግን አራቱንም አስተማርኩ። ሳሎን ግድግዳ ላይ አራት የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በአራቱም ውስጥ አለሁ፣ ጥግ ላይ፣ አበባ ይዤ። ወርክሾፑን ለትልቁ ልጄ ካስረከብኩ በኋላ፣ እንግዲህ ከመሞቴ በፊት የእኔ ስም የተጻፈበት አንድ የትምህርት ወረቀት፣ የስድስት ወርም ቢሆን፣ ልያዝ አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሠላሳ አንዱም ያልኩት «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ነው።

ፎቶግራፍ የመረጥኩት ብዙ ማንበብ የለውም ስላሉኝ ነው። በክፍሉ ሃያ ስድስት ተማሪዎች ነን። ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። እሱም መምህሩ ነው።

መምህር ዮናታን ደግ ልጅ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልበል፣ በኋላ ልበሳጭበት ነውና። እሱ እኔን «ጋሼ» እያለ አንቱ ይለኛል፤ እኔ እሱን «መምህር» እያልኩ አንተ እለዋለሁ። ተስማምተናል። ያልተስማማነው በፎቶው ነው። የመጀመሪያው አሳይንመንት አንድ ዕቃ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ ብርሃን ማንሳት ነበር፤ ቁልፍ አነሳሁ፣ አለፍኩ። ሁለተኛው «እንቅስቃሴን አሳዩ» የሚል ነበር። ጀሞ መንገድ ዳር ካሜራዬን ደቅኜ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ። አርባ ሁለት ታክሲ ቆጠርኩ፤ አርባ ሁለቱም እንደ እኔ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እንቅስቃሴ አላየሁም» አለኝ መምህሩ ፎቶውን እያየ።

«እኔም አላየሁም» አልኩት።

ወደቅኩ። ሦስተኛው «ሰው ሳይዘጋጅ» የሚል ነበር። ከባለቤቴ ከሙሉ የበለጠ ሰው ከየት ይመጣል? ሽንኩርት ስትልጥ ካሜራውን አነሳሁ። «ቆይ!» ብላ ገባች። በአርባኛው ደቂቃ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሃብሏን አጥልቃ ወጣችና እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አለች። ሽንኩርቱን ብትይዢስ ብላት «አብደሃል? ሰው አይቶ ምን ይለኛል?» አለችኝ። መምህሩ አየና «ይሄ የመታወቂያ ፎቶ ነው» አለ። ዳግመኛ ወደቅኩ። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሦስት አሳይንመንት የወደቀ ከዜሮ ይጀምራል። በስልሳ አራት ዓመት ከዜሮ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው አይገባውም።

የመጨረሻው አሳይንመንት እንግዲህ ይህ ነበር፦ «አንድ ሰፈር፣ ቢያንስ ሃያ ፎቶ፣ ሰው በኑሮው ላይ እንዳለ። ፖዝ ካየሁ ዜሮ ነው።» ይህን ሲል ሌላውን ሁሉ ትቶ እኔን አየኝ።

ፉሪን መረጥኩ። በር እወዳለሁ፣ ፉሪ ደግሞ አዲስ ቤት ስለሚሠራበት የማያልቅ በር አለው። ሰው ከበሩ ሲገባ ሲወጣ፣ ደጁን ሲጠርግ፣ ሳያውቀኝ ላነሳው አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካሜራዬን አንገቴ ላይ፣ ደብተሬን ብብቴ ሥር፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንድ የኮረት መንገድ ይዤ ገባሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። የመጀመሪያው በር ጠማማ ነበር። ላሜራው ቀጭን፣ ማጠፊያው የተበየደው በእንቅልፍ ልብ ይመስላል። እኔ ጠማማ በር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ቄስ ዘፈን ሰምቶ እንደማያልፍ ሁሉ። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባና ሜትሬን አወጣ። ለካሁ። «በር ቁጥር አንድ፣ ሁለት ሜትር ከሰማንያ በሁለት ከአሥር» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ፎቶ አነሳሁ። ወደ ሁለተኛው አለፍኩ። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ አነሳሁ።

እናንተ ከተማውን ታውቁታላችሁ፤ የማያውቁት ሽማግሌ በካርታ አልባ ሰፈር ውስጥ በር እየለካ፣ ቁጥር እየጻፈ፣ ፎቶ ካነሳ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ሊፈርስ ነው፣ ወይ የይዞታ ካርታ ሊሰጥ ነው። ሦስተኛ ምክንያት እስከ ዛሬ ታይቶ አያውቅም።

አራተኛው በር ላይ ስደርስ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ተራ በተራ ድርግም ድርግም ብለው ተዘጉ። በካናቴራ መኪና የሚያጥብ አንድ ጎልማሳ ባልዲውን አስቀምጦ መጣ።

«ከየት ነው አባት?»

«ከኮሌጅ።»

«የየትኛው መሥሪያ ቤት ኮሌጅ?»

«ኧረ ኮሌጅ ነው! ተማሪ ነኝ። አሳይንመንት ነው።»

ከሽበቴ እስከ ጫማዬ፣ ከጫማዬ ተመልሶ እስከ ሜትሬ አየኝ። «አባቴ» አለኝ በሐዘን፣ «እኛ ሕፃናት አይደለንም።»

ከአጥሩ ጀርባ አንዲት ሴት ብቅ አሉ። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ ስማቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት። ባላቸው ከመሞታቸው በፊት አብረው አንድ ክፍል ሠርተው፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ብቻቸውን በየዓመቱ አንድ አንድ ግድግዳ እየጨመሩ የጨረሱ ሴት ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፣

«ቀይ ቀለም ይዘዋል?» አሉ።

አልያዝኩም አልኩ። ቦርሳውን ይክፈቱት አሉ። ከፈትኩ። አንድ ሌንስ፣ አንድ ላስቲክ ቆሎ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው እስከ ስፌቱ ድረስ አዩና ቀና ብለው መንደሩን በአንድ ድምፅ አዳረሱት።

«ቀለም አልያዘም! ለካርታ ነው!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ያደክመኛል። የተዘጉት በሮች ተከፈቱ። የተከፈቱት ታጠቡ። ሳያየኝ ላነሳው ያሰብኩት ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ልብስ ቀይሮ ወጣ፤ ባለካናቴራው ሰውዬ እጅጌው ላይ የፋብሪካ ምልክቱ ያልተነሳ ኮት ለብሶ መጣ። ደግሞ ባዶ እጁን የመጣ አንድ የለም። ሁሉም ደረሰኝ ይዟል። የመብራት ደረሰኝ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የግብር ደረሰኝ፤ አንዱ አዛውንት ሌላ ቢያጡ የልጃቸውን የክትባት ካርድ ይዘው ቆሙ፤ የቤቱ አድራሻ ተጽፎበታል፣ ልጁ ግን አሁን ሹፌር ነው።

ቤተሰብ አነስ ያለበት ደግሞ ተበደረ። ቢጫ ሹራብ የለበሰች አንዲት ልጅ በበር ቁጥር ስድስት ቆመች። በዘጠኝም አየኋት። በአሥራ ሦስት ላይ ሹራቡን አዙረው አልብሰዋታል። በአሥራ ስምንት ላይ ተሰላችታ ጣቷን አፍንጫዋ ውስጥ ከትታለች፤ ከዚያ ቀን ፎቶ ሁሉ ሳይዘጋጅ የተነሳው ያ ጣት ብቻ ነው።

እውነቱን አልነገርኳቸው እንዳይመስላችሁ። በየበሩ ተናገርኩ። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ወጥቼ «ሰዎች ሆይ፣ እኔ ካርታ አልሰጥም፣ ቤት አላፈርስም፣ ተማሪ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ባለኮቱ ሰውዬ ጎረቤቱን ጎሸም አድርጎ «አየህ? አይናገርም። ደህና ሠራተኛ እንዲህ ነው» አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በፉሪ ግን እውነት ስድስት ሰዓት ሲሆን ጭራሽ ጨለመች። ሦስት ለስላሳ በግድ ጠጥቼ፣ ሃያ ሁለት ፎቶ ይዤ ወጣሁ። ሃያ ሁለቱም ፖዝ።

ለምን ጥለህ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ልሄድ ነበር። ግን እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቤት ቁጥሩ እንዲታይ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠግተው፣ ደረሰኛቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ትንፋሻቸውን ውጠው ሲቆሙ፣ «አላነሳዎትም፣ መምህሬ ፖዝ አይወድም» የሚል አፍ ካላችሁ እናንተ ሂዱ። እኔ አነሳሁ። ኅትመቱንም ለሁሉም ላመጣ ቃል ገባሁ።

ማክሰኞ ተራዬ ደረሰ። ፎቶዎቹ በግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ሲያልፉ ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። በአሥራ ሦስተኛው ላይ አንዷ ተማሪ «ይቺ ልጅ ስንት እናት ነው ያላት?» አለች።

«አራት» አልኩ።

መምህር ዮናታን አልሳቀም። «ጋሼ፣ ምን ነበር ያልኩት? ሰው በኑሮው ላይ እንዳለ!»

«ይሄ ነዋ ኑሯቸው።»

«ወረቀት ይዞ በር ላይ መቆም ነው ኑሮ?»

ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። ሦስት ለስላሳ የጠጣሁት ለዚህ ነው? «በሳምንት ስንት ቀን ወረቀት ይዘው በየቢሮው በር ላይ እንደሚቆሙ እትዬ ብርቄን ሄደህ ጠይቃቸው!» አልኩት። «የራሳቸው በር ላይ ሲቆሙ ግን ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።»

  መምህሩ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆየ፤ የአዛውንቱ የክትባት ካርድ ላይ ሲደርስ ጠጋ ብሎ አድራሻውን አነበበ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ቁጥር ጽፎ «የሚቀጥለው» አለ።

ከክፍል በኋላ ወደ ታች ስወርድ መምህሩ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ሃያ አራት ደረጃ ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ተናገረ።

«አልፈዋል ጋሼ። ስልሳ ሦስት ነው የሰጠሁዎት።»

 ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ ባለቤቴ ብትሰማ አታምንም።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ ቀጥሎ፣ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ተማሪ አለመኖሩን አረጋግጦ። «ያነሱት መንገድ… ትንሿ ድልድይ ጋ ነው ያበቃው አይደል? ከድልድዩ ወዲያ አልተሻገሩም?»

«አልተሻገርኩም። ምነው?»

«እናቴ ከድልድዩ ወዲያ ነው ቤቷ። ቅዳሜ ማታ ደውላልኝ ነበር። ‹ወዲያ ማዶ ያሉትን በሙሉ መዝግበው እኛን ዘለሉን› ብላ እስከ ዛሬ እህል በደንብ አልበላችም።»

«መምህር! ምዝገባ እኮ አይደለም! አንተ ራስህ ያዘዝከው አሳይንመንት ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ አንገቱን አቀርቅሮ። «ነግሬያታለሁ። ግን ቢሆንስ አለችኝ።»

ቅዳሜ ኅትመቶቹን ይዤ አብረን ሄድን። እትዬ ብርቄ የራሳቸውን ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው፣ ደረሰኞቻቸው ካሉበት ላስቲክ ውስጥ ከተቱት። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ እውነቱን ልናገር ብዬ «እትዬ፣ ይሄ ወረቀት እኮ ምንም አያደርግልዎትም» አልኳቸው።

«ጋሼ» አሉኝ፣ «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምንም የማያደርግ ወረቀት ስሰበስብ ነው የኖርኩት። አንድ ቢጨመር ቤቱ አይጠብም።»

ድልድዩን ተሻገርን። የመምህሩ እናት ከጠዋት ጀምሮ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። በሩ ደግሞ ደህና በር ነው፣ ማጠፊያው ቀጥ ያለ፤ ሜትሬን በግድ ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። እናትየው በሩ ፊት ቆሙ፤ ነፋሱ ነጠላቸውን ወሰደው፣ እሳቸውም ሊይዙት ጎንበስ ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ ነበር ማንሳት። ስድስት ወር ሙሉ የተማርኩት ለዚያች ሰከንድ ነው። ካሜራዬን ዓይኔ ላይ አደረግኩ።

«ቆይ ጋሼ፣ ቆይ፣ እንዳያነሱ!» ብሎ መምህሬ መካከላችን ገባ። ነጠላውን አስተካከለላቸው። ትከሻቸውን ይዞ አቀናቸው። ወደ እኔ ተመለሰና ራቅ ብሎ አየ፤ አልጣመውም፤ ደግሞ ሄደ።

«እማዬ፣ ቀጥ በይ እንጂ። አትሳቂ። ደረሰኙን ከፍ አድርጊው፣ ስምሽ እንዲታይ።»