ደንበኛው እንዳያውቅ

የምስጢር አጠባበቅ መመሪያው ለሕዝብ ካበረከታቸው ጸጋዎች ሁሉ የሚልቀው፣ አንድም ሰው አንብቦት አለማወቁ ነው፤ መመሪያው ራሱ ምስጢር ነውና። የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት የመዝገብ ሹም ግን ሳያነበው ፈርሞበታል። መንግሥት «የእገሌን መረጃ ላኩ፤ ደንበኛው እንዳያውቅ» ብሎ በጻፈ ቁጥር ይልካል፤ ዝም ይላል። ሚስቱ «ካዝናው» ትለዋለች፤ ምሳ ምን እንደበላ ስትጠይቀው እንኳ «በዚህ ጉዳይ አስተያየት መስጠት አልችልም» ስለሚላት።

ሰኞ ጠዋት ቀይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከፈተ። የተፈለገው ስልክ ቁጥር የራሱ ነበር። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው፤ ያው ነው። ደብዳቤውን ይዞ አለቃው ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ደንበኛው እኔ ነኝ።»

አለቃው ጆሮውን ደፈነ። «አልሰማሁም! ነገርከው እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልተነፈስኩም!»

«ጎሽ። እንዳያውቅ ተጠንቀቅ። ካወቀ ከሥራህ የምትባረረው አንተ ነህ።»

ካዝናውም ለሀገር ሲል ራሱን ከራሱ ሊደብቅ ቆርጦ ተነሣ። ስለ ራሰ በራነት መድኃኒት ያነበበውን፣ የድሮ ፍቅረኛውን ፎቶ የፈለገባቸውን ዐሥራ አራት ምሽቶች ሳይቀር አሽጎ ላከ። ሲያሽግ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ስልኩን ማን ደፍሮ ይንካው!

«ምነው ስልክህን እንደ ጊንጥ ሸሸኸው?» አለች ሚስቱ። «ሌላ ሴት አለች?»

«በዚህ ጉዳይ አስተያየት...»

«ሶፋው ላይ ተኛና ለሶፋው አስተያየት ስጥ!»

በሳምንቱ አለቃው አስጠራው። ፊቱ ሌላ ደብዳቤ ተዘርግቷል፦ ደንበኛው ኢንተርኔት መጠቀም በድንገት ስላቆመ፣ ምስጢሩን ያወጣው ሰው ተጣርቶ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድበት።

«የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማን አየው?»

«እኔ ብቻ።»

«ከደንበኛው ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«ከልጅነታችን ጀምሮ።»

«በቃ፣ ራስህ አመንክ።»

ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴም ውሳኔውን፣ በመመሪያው መሠረት፣ በጥብቅ ምስጢር አሳለፈ።

በማግስቱ የካዝናው መግቢያ ካርድ በሩን አልከፍት አለ።

«አይሠራም፣ ጋሼ» አለው የበሩ ጥበቃ። «አንድ ሰው ተባሯል።»

«ማን?»

ጥበቃው ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ፤ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ።»

ካዝናው ትንሽ አሰበና የጥበቃውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ጎሽ» አለው። «እንዳያውቅ ተጠንቀቅ።»