ጋሼ መሳፍንት ጀልባ ሲደፍኑ

በዚህ አገር ሰፈር ሲቆረቆር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው አስረጂ ነው። ቧንቧው ይዘገያል፣ መብራቱ ይዘገያል፤ ያልጠየቃችሁትን የሚያስረዳችሁ ሰው ግን ከመጀመሪያው ጎጆ ጋር አብሮ ይበቅላል። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ሊቀ አስረጂ ጋሼ መሳፍንት ናቸው፤ ደብረ ሲና በውሃ ሥራ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ብርዱን ሸሽተው ቆላ የወረዱ።

«መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ብልህ ሰው መቀመጫ ይፈልጋል። እትዬ ሐረገወይን አንድ ቀን «ጋሼ፣ ዛሬ ውሃ ትመጣለች?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከተራራው ምንጭ ተነስተው ቧንቧ ቧንቧውን ይዘዋቸው ወረዱ። ገና ሰፈር ሳይደርሱ ውሃዋ መጥታ ሄደች። የባጃጅ ጎማ ተንፍሶ ስለ አየር ግፊት ሲያስረዱ ተሳፋሪው ሁሉ በእግሩ ቤቱ ገብቷል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ድንኳኑ እንዴት መወጠር እንደነበረበት ለሟች ወንድም ቢነግሩት፣ ሰውየው ሐዘኑን ረስቶ ገመድ ሲያጠብቅ ታይቷል።

ለሰፈሩ ልጅ ለኸድር ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ እስከ ሰርጉ ቀን ድረስ። ሙሽሪት ሲሃም ከሮቢ ወንዝ ማዶ ናት። ደብረ ሲና ላይ የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ቆላው በፀሐይ እየተቃጠለ ወንዙ ግን ጢም ብሎ ሞላ። በድልድዩ የሚዞረውን መንገድ ጭቃ ውጦታል። የጋብቻውን ውል፣ ኒካውን፣ የሚያስሩት ሸኽ ደግሞ ሌላ ቦታ ስለሚጠበቁ ከተሲያቱ የዐስር ሰላት በኋላ እንደማይቆዩ አስቀድመው ልከዋል። የቀረችው አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ ናት፤ በአንድ የጎርፍ ዓመት ለእርዳታ መጥታ እዚያው የቀረች። በጋ በጋ የፍየል ውሃ ማጠጫ ሆና፣ ድንጋይ ለድንጋይ ስትጎተት ኖራ፣ ሆዷ በትናንሽ ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል።

ማጣበቂያው የሚገኘው ጋሼ መሳፍንት ዘንድ ብቻ ነው፤ በሁለት ቱቦ የሚመጣ፣ ሲዋሐድ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ኢፖክሲ። ኸድር ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ እየሮጠ «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ!» አለ። ደረሱለት።

እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ሥራ ነው። ጀልባዋን ሁለት ግንድ ላይ አስቀምጠው ውሃ ሞሉባትና ከሥር ያንጠባጠበችበትን ሁሉ በጠመኔ ከበቡ። ውሃውን ደፍተው አደረቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ በአልኮል ወለወሉ። ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል ቆርቆሮ ላይ ጨምቀው በማንኪያ አዋሐዱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ይኼ ሙጫው ነው፣ ይኼ ደግሞ ማጠንከሪያው። ለየብቻ ምስኪኖች ናቸው። ሲጋቡ ግን፣ ልክ እንዳንተና እንደ...»

የሲሃም ስም ላይ ሳይደርሱ ማንኪያው ቆርቆሮው ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ወይ ጉድ! ደብረ ሲና እኮ ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ሻዬን ጠጥቼ ስመለስም ለስላሳ ነበር።»

ችግሩ ይኸው ነው። ንግግራቸው የተለካው በደጋ ብርድ ነው፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት መግቢያውን እንኳ አያስጨርስም። እንደገና አዋሐዱ፤ ሙቀት ለምን እንደሚያደርቀው ሲያስረዱ ደረቀ። ቱቦዎቹ ከሱ። ኸድር ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ጋሼ፣ ስለ አላህ ብለው ዝም ብለው ይቀቡት!»

«ዝም ብሎማ ማንም ይቀባል፣ ልጄ። ሳይገባህ የተደፈነ ቀዳዳ ተመልሶ ይከፈታል።»

ይኼኔ የኸድር እህት ናጅዋ ብድግ አለች። ለሰርጉ ሊሻገር ከተዘጋጀው ምግብ መሐል ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻው የተሠራውን ምስር ወጥ ፈልጋ ከፈተች። ጋሼ የመጨረሻውን አዋሕደው ቀና ብለው «መጀመሪያ...» ከማለታቸው፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አፋቸው ገባ። እጃቸው ሙጫ ነው፤ መከላከያ የላቸውም። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። እያላመጡ መድፈን ጀመሩ። ሊውጡ ሲቃረቡ ናጅዋ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ጋሼ፣ በሞቴ!» ብላ ደገመች፤ ከዚያም ሰለሰች። ዓይናቸው ፈጦ፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ እጃቸው ግን እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ስትደፈን ሙሽራውን ሊሸኙ የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ያ ሲረገም የዋለ ሙቀትም ውለታ ዋለ፤ የቀትሩ የዙህር ሰላት አለፍ ሲል ማጣበቂያው በጥፍር አልጫር አለ።

«ሥራዬን በዓይኔ ሳላይማ አልቀርም» ብለው ጋሼም ተሳፈሩ። ሚዜው አብዱልሃዲ ከዳር ዳር የተወጠረውን ገመድ እየሳበ ጀልባዋን ወደ ደፍራሹ ውሃ አስገባት።

መሐል ወንዝ ላይ ጋሼ ዝም አሉ። አፋቸው ባዶ ነበር፤ ግን ዝም አሉ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ሲያስተላልፉ የኖሩት ሰው፣ አንድም ቀን ውሃ ላይ ወጥተው አያውቁም! ፊታቸው አመድ መስሎ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠዋል። ኸድር ዝምታቸውን ጠዋቱን ሙሉ ሲለምን ውሎ፣ አሁን ሲያገኘው አስጠላው። ጠጋ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«አይዞዎት ጋሼ። ሙጫውና ማጠንከሪያው ለየብቻ ምስኪኖች ናቸው...»

ስለ ፍተጋው፣ ስለ አልኮሉ፣ አሉሚኒየም ተፈትጎ ቶሎ ካልተቀባ አየሩ እንዴት ስስ ቆዳ እንደሚያለብሰው፣ አንድም ሳያስቀር አስረዳቸው። ይህን ሁሉ መቼ እንደሰማው ራሱም አያውቅም። ጋሼ ቀስ ብለው «እኩል እኩል መሆን እንዳለበት ዘለልከው» አሉ፤ መልካቸው ተመለሰ።

ማዶ ሲደርሱ የጀልባዋ ወለል ደረቅ ነበር። የሲሃም አባት ሐጂ ኢብራሂም ወንዙ ዳር ወርደው ሲያዩአት ማመን አቃታቸው።

«ይቺ ወንፊት እንዴት አድርጋ ተሻገረች?»

ሚዜዎቹ ተያዩ። ሸኹ ዛፍ ሥር ሆነው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ ለዐስር ጥቂት ቀርቷል። ጋሼ መሳፍንት የሰው ሰርግ ላለማዘግየት ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት ያያሉ። ኸድር ከንጋት ጀምሮ ለዚህች ደቂቃ ሲሮጥ ነው የዋለው። ጋሼን አየት አደረጋቸውና ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ ያስረዱዎታል» አለ። «እኛ እንጠብቃለን።»