የንጉሡ በትር ማብሪያ

[ከመድረክ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ሊቁ የብየዳ ካውያውን አግሎ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። የቲያትር ቤቱ ዕቃ ሠሪ ነው፤ «ሊቅ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት ከተጠየቀ ራሱን ነው የሚጠቁመው። ፊት ለፊቱ ካባ የለበሰና አክሊል የደፋ ተዋናይ በትር ታቅፎ ተቀምጧል፤ እሱ ንጉሡ ነው። መጋረጃው ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።]

ሊቁ፦ በትሩን ልቀቀው አልኩህ።

ንጉሡ፦ ንጉሥ በትሩን አይለቅም። አዘጋጁ ነው እንዲህ ያለኝ።

ሊቁ፦ ያ መድረክ ላይ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ንጉሡ እኔ ነኝ።

ንጉሡ፦ አክሊሉንም ላውልቅልህ?

ሊቁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። አምጣው ወዲህ።

ንጉሡ፦ እንካ። ቀስ ብለህ ያዛት፤ ባለፈው ሳምንት ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ሊቁ፦ ምን አደረገችህ? ከመጀመሪያው ንገረኝ። በሽተኛውን ሳይጠይቅ መርፌ የሚወጋ ሐኪም አይደለሁም።

ንጉሡ፦ አንተ ነህ እኮ የሠራሃት።

ሊቁ፦ ቢሆንም ንገረኝ።

ንጉሡ፦ «ጨለማ ሆይ፣ ሂድ» ስል ጫፏ ላይ ያለችው ዕንቁ ልትበራ ይገባል። ማብሪያዋ ደግሞ ውስጥ፣ የባትሪ ድንጋዮቹ ያሉበት ሣጥን ላይ ናት። ስለዚህ ለሕዝቡ ጀርባዬን እሰጥና፣ በትሯን ዘቅዝቄ፣ የታች ክዳኗን ፈትቼ፣ በጥፍሬ ነው የማበራት። ጨለማው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ችግር አለው?

ንጉሡ፦ ባለፈው ሳምንት ድንጋዮቹ ተዘርግፈው ዙፋኑ ሥር ገቡ። እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

ሊቁ፦ እየዳህክ?

ንጉሡ፦ ከነካባዬ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አሳዛኝ ቲያትር ነው እኮ የምንሠራው። አዘጋጁ ደግሞ «ዛሬ አንድ ሰው ቢስቅብህ አክሊሉን ለዘበኛው ነው የምሰጠው» ብሎኛል።

ሊቁ፦ ዘበኛ ሆኖ ለሚቆመው? ያ እንኳ ጥሩ ቁመት አለው።

ንጉሡ፦ አመሰግናለሁ። ለማንኛውም ማብሪያዋን ውጭ በኩል አድርግልኝ፤ አውራ ጣቴ የምታርፍበት ላይ። ማንም ሳያየኝ ጠቅ ላድርጋት።

ሊቁ፦ ስማ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው?

ንጉሡ፦ አላውቅም።

ሊቁ፦ መጀመሪያ አጥፋ። ውስጥ ያለችውን አጥፋት።

ንጉሡ፦ [በጥፍሩ] ጠፋች። ይቺ እኮ ልል ናት። ልምምድ ላይ በትሯን መሬት ስመታት አንዴ ራሷ ትበራለች፣ አንዴ ራሷ ትጠፋለች።

ሊቁ፦ ወሬ አታብዛ። ወገብህ ላይ ያለችውስ ጥቁር ሣጥን ምንድን ናት?

ንጉሡ፦ የማይኬ ናት። የድምፅ ባለሙያው አስታጠቀኝና «ልትወጣ ስትል አብራት» ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ሊቁ፦ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ አጠገቤ ሌላ ኤሌክትሪክ አይኖርም። ኤሌክትሪክ ከኤሌክትሪክ ጋር ይጣላል። እስቲ ዙር። [ቀጭ አደረጋት] ይኸው፣ አጠፋሁልህ።

ንጉሡ፦ ቀድሞም ጠፍታ የነበረች መሰለኝ።

ሊቁ፦ አንተ ይመስልሃል፤ እኔ አውቃለሁ።

ንጉሡ፦ አሁን አረንጓዴ መብራት አወጣች።

ሊቁ፦ አረንጓዴ ማለት ተኝቷል ማለት ነው።

ንጉሡ፦ መንገድ ላይ ግን አረንጓዴ ሲበራ «ሂድ» ነው።

ሊቁ፦ አንተ መንገድ ነህ?

[ከአዳራሹ ሳቅ ተሰማ።]

ንጉሡ፦ ምንድን ነው የሚያስቃቸው? መጋረጃው እንኳ አልተከፈተ።

ሊቁ፦ ሰው ሲሰበሰብ ይስቃል። ሽቦውን ያዝልኝ። አየህ፣ ይቺን ቀይ ሽቦ መሃሏ ላይ እቆርጣታለሁ። አንዱን ጫፍ ከአዲሷ ማብሪያ አንድ እግር ጋር፣ ሌላውን ከሌላኛው እግር ጋር እበይደዋለሁ። ስትጫናት ይገናኛሉ፣ ይበራል። ስትደግማት ይለያያሉ፣ ይጠፋል።

ንጉሡ፦ እንደ ባልና ሚስት።

ሊቁ፦ እንደ አዘጋጁና እንደ ዕውቀት እንዳልልህ፣ እነሱ ተገናኝተው አያውቁም። ሰውዬው አምፖል እንኳ ሲቃጠልበት «ሊቁን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። አምፖል እኮ ነው፤ ማዞር ብቻ ነው።

[የባሰ ሳቅ።]

ንጉሡ፦ ድምፅህ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሰማኛል። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከግድግዳው ወዲያ።

ሊቁ፦ አክሊሉ ጆሮህን ይዞት ነው። ከፍ አድርገው።

ንጉሡ፦ [ከፍ አደረገው] አሁንም ሁለት ነህ።

ሊቁ፦ የእኔ ቢጤ ሁለት ቢኖር ይሄ ቲያትር ቤት የት በደረሰ ነበር።

ንጉሡ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ውስጥ ያለችው ማብሪያስ እንዴት ልትሆን ነው?

ሊቁ፦ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ሲባል አልሰማህም? ውጭ ሌላ ማብሪያ ከገባ የውስጧ ጡረታ ወጣች ማለት ነው። ሥራዋን ጨርሳለች፣ ትረፍ።

ንጉሡ፦ እሺ፣ ትረፍ። ብቻ ቶሎ በልልኝ፤ ዛሬ አማቴ መጥተዋል። ፊተኛው ረድፍ፣ መሃል ላይ ናቸው።

ሊቁ፦ ለእሷ ነው እንዴ እንዲህ የምትንቀጠቀጠው? አሮጊት ስለ መብራት ምን ይገባታል? ቢበራም ባይበራም ለእሷ አንድ ነው። ይኸኔ ተኝታ እያንኮራፋች ነው።

[አዳራሹ «ኧረ» አለ፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ።]

ንጉሡ፦ እንደሱ አትበል። «ሥራ ፈት» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሚስቴ ታማ ሦስት ወር ስትተኛ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። እኔ እዚህ ልምምድ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ጠብቀው «ለካርቶን አክሊል ብለህ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ሊቁ፦ እና ዛሬ በበትር ልትመልስላቸው ነው?

ንጉሡ፦ መልስ እንኳ አይሆንም። ብቻ ይቺ ነገር ስትበራ አንዴ ቀና ብለው ቢያዩኝ ብዬ ነው። አንዴ እንኳ ሳያፍሩብኝ ቢያዩኝ ይበቃኛል።

[አዳራሹ ጭጭ አለ።]

ሊቁ፦ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?

ንጉሡ፦ ሊጀመር ነው መሰለኝ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ብየዳዬ አልቋል፤ ማስቲሹን አቀብለኝ።

ንጉሡ፦ ሳትሞክራት ልታሽጋት ነው?

ሊቁ፦ የሚሞክር ተማሪ ነው። [የድንጋዮቹን ሣጥን በትሩ ሆድ ውስጥ ከተታት። ክዳኗን በማስቲሽ ለጥፎ በናስትሮ አምስት ዙር ጠመጠማት።] ከእንግዲህ ድንጋይ ተዘረገፈ የሚባል ወሬ የለም። በመጋዝ ካልሆነ አትከፈትም።

ንጉሡ፦ ውስጥ ያለችው ግን…

ሊቁ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ተጫናት።

[ንጉሡ ተጫናት። ምንም የለም።]

ሊቁ፦ እንደ ንጉሥ ተጫናት እንጂ።

ንጉሡ፦ ንጉሥ እንዴት ነው የሚጫነው?

ሊቁ፦ አምጣት። [ተጫናት። አሁንም ምንም የለም።] ድንጋዮቹ ሞተዋል።

ንጉሡ፦ ዛሬ ጠዋት ነው የተገዙት።

ሊቁ፦ እጅህ አልቦህ ነው።

ንጉሡ፦ የያዝካት እኮ አንተ ነህ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ካባህ ነው። ቀይ ጨርቅ ኤሌክትሪክ ይመጥጣል።

ንጉሡ፦ ላውልቀው?

[ደወል ተደወለ።]

ንጉሡ፦ አምስት ደቂቃ ቀረን። አሁን ልናገር?

ሊቁ፦ [ግንባሩን በናስትሮው ጠርጎ] ተናገር።

ንጉሡ፦ አጥፋት ስትለኝ አጠፋኋት። አብራት ግን አላልከኝም።

ሊቁ፦ ማንን?

ንጉሡ፦ የውስጧን። ጠፍታ ነው የታሸገችው። የግቢው በር ቢከፈት፣ የሳሎኑ ከተቆለፈ እንግዳ ይገባል?

[ሊቁ በትሩን አየ። ማስቲሹን አየ። ጣራውን አየ።]

ሊቁ፦ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?

ንጉሡ፦ ዝንብ እንዳይገባ ብዬ።

[የአዳራሹ ሳቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች አወዛወዛቸው።]

ሊቁ፦ መጋዝ ፈልግ።

ንጉሡ፦ ቆይማ። ልል ናት ብዬህ አልነበር? [በትሯን መሬት መታት። ደገማት። ሦስተኛው ላይ ዕንቁዋ ቦግ አለች። በአውራ ጣቱ አጠፋት፣ አበራት፣ አጠፋት።] ይኸው። ከዚህ በኋላ መሬት አልመታባትም።

ሊቁ፦ አየህ የእኔን ሥራ? አንድ እንከን አላት?

ንጉሡ፦ የላትም።

ሊቁ፦ ስማኝማ፤ ይሄ የውስጧ ማብሪያ ጉዳይ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ስም አለኝ።

ንጉሡ፦ በየት በኩል ይወጣል? በሩ ዝግ ነው፣ ማይኩም ተኝቷል።

[ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እግር ድብደባ።]

ንጉሡ፦ አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?

ሊቁ፦ [ቀስ ብሎ የንጉሡን ወገብ ወደ ራሱ አዞረ] ዓይኔ ነው ወይስ… ከአረንጓዴዋ ሥር ምን ተጽፏል?

ንጉሡ፦ [አጎንብሶ አነበበ] «በርቷል» ይላል።

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] አጥፋት።

ንጉሡ፦ አጥፍተሃታል እኮ።

[በሩ ተከፈተ፤ «ንጉሡ ይውጣ» ተባለ። ንጉሡ አክሊሉን አስተካክሎ ወጣ። ሊቁ መጋረጃው ጀርባ ተለጥፎ በቀዳዳ ያያል። መድረኩ ላይ ጨለማ ነው።]

ንጉሡ፦ ጨለማ ሆይ፣ ሂድ።

[ጀርባውን አልሰጠም፣ አልዳኸም። አውራ ጣቱ ብቻ ተንቀሳቀሰችና ዕንቁዋ በራች። አንድም ሰው አልሳቀም። ፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነሡ።]

አማት፦ ቀና በል የኔ ልጅ። እያየሁህ ነው፣ አላፈርኩብህም። ያን አረንጓዴ የሚያውቀውን ሊቅ ግን ጥሩልኝ፤ ስለ መብራት ያልገባኝን ያስረዳኝ።

ሊቁ፦ [ተራውን ለሚጠብቀው ዘበኛ፣ ቀስ ብሎ] ተኝቷል በላቸው።