ሰባኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር አዳራሹን ድል እንደ ነሡ

ማይክሮፎኑ መጮኹን በተወ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ አዲስ ወንበር፣ የአትሮኖሱ ጌታ፣ የረጅም ቃል ባለቤት፣ ውሃ ሳይቀምሱ ቀትርን የሚሻገሩት ሰባኪ ያደረጉትን እንጽፋለን፤ ነገሩ ዕፁብ ድንቅ ነውና።

እኒህ ሰባኪ ስለ ይቅርታ ሊናገሩ ሲነሡ ከዓለም ፍጥረት ይጀምሩ ነበር፤ ዓይናቸውንም ከጣሪያው አይነቅሉም ነበር፤ የጥፋት ውሃ ላይ በደረሱ ጊዜም ምእመናኑ በየማዕረጋቸው ያንቀላፉ ነበር፦ በፊተኛው ረድፍ ልብስ ሰፊው፣ አገጩን ደረቱ ላይ አስደግፎ፤ በስተቀኙ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ አፉን ከፍቶ፤ ከጎኑም ጥርስ ሐኪሟ፣ ያን አፍ አይታ አይታ የደከማት፤ ከኋላቸውም መዘምራን፣ በየድምፅ ክፍላቸው የሚያንኮራፉ።

ወእምዝ ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ሰብሳቢያቸውም፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ በር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የነቃህ ላልነቃው ንገር! በመጪው እሑድ የሚወጣውን ሁሉ እዚህ በር ላይ እንጠይቃለን። ምን እንደ ተሰበከ የማያውቅ አንድ ሰው ከተገኘ፣ አትሮኖሱ ለሰባኪው ሚስት ወንድም ይሰጣል!»

ይህም ወንድም ደወሉ የሚባለው ነው፤ ድምፀ መልካም፣ መስተዋት ፊት ስብከት የሚለማመድ፤ አትሮኖሱን ከተመኘ ወዲህም ከሰባኪው ጋር ሰላምታ ያቋረጠ።

የሰባኪው ቤት እመቤት ይህን በሰሙ ጊዜ የሚያጥቡትን ድስት አስቀምጠው አዋጅ አወጡ፦

«በዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ! የኔ ጌታ፣ አንተም ስማ። ስንት ዓመት ጣሪያውን ሰበክኸው፤ ጣሪያው እንደሆነ ድሮ ንስሐ ገብቷል! እሑድ ሰው ሰው እያየህ ትናገራለህ። ፍሬ ነገሩን አስቀድም፤ አዳምና ሔዋን የትም አይሄዱም። መሐረቤን ከፍ ሳደርግ በቃህ ማለት ነው፤ አሜን ብለህ ትወርዳለህ። እምቢ ካልክ ምሳህን ከጣሪያው ጋር ብላ!»

ሰባኪውም ማሉ።

እሑድ በደረሰ ጊዜ በሠራዊታቸው ታጅበው ገቡ፤ ከፊት የድምፅ ባለሙያው ሽቦውን ተሸክሞ፣ ከኋላ ታላቂቱ ልጃቸው መነጽራቸውን ይዛ፣ በመጨረሻም ባለቤታቸው፣ ብርቱ ጉንፋን የያዛቸው። ሰባኪውም አትሮኖሱን ጨበጡ፤ ዓይናቸውንም በታላቅ ተጋድሎ ከጣሪያው ነቅለው አወረዱት፤ ያረፈውም ደወሉ ፊት ላይ ሆነ። ፊቱንም እያዩ አወጁ፦

«የተቀየማችሁት ሰው ካለ፣ ምሳ ሳትበሉ ሂዱና ታረቁ!»

ቀጥለውም አዳምን ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸውን ማስነጠስ መጣባቸው፤ መሐረቡም ወደ አፍንጫ ሲሄድ ከፍ አለ። ሰባኪው መሐላቸውን የማያጥፉ ናቸውና አሜን አሉ። ሚስቲቱም ደንግጠው፣ ገና ነው፣ ቀጥል ለማለት መሐረቡን አውለበለቡ፤ እሳቸው ግን ፍጠን የተባሉ መስሏቸው ደረጃውን ዘለው ተሰወሩ። ሕዝቡም የሚተኛበት ጊዜ አጣ፤ ልብስ ሰፊው አገጩን ገና እያመቻቸ ነበር።

በር ላይም ልብስ ሰፊው ተጠይቆ ስብከቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳያስቀር ተናገረ፤ ሾፌሩም፣ ጥርስ ሐኪሟም፣ መዘምራንም እንዲሁ። ከሁሉ በኋላ ደወሉ መጣ። አላውቅም ቢል አትሮኖሱ የእሱ ነበር፤ ሊልም አፉን ከፈተ። ነገር ግን ያ ቃል የተነገረው ፊቱን እያዩት ነበርና ውሸቱ ጉሮሮው ላይ ቀረ፤ በዚያም በሚያምር ድምፁ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ምሳ ሳትበሉ ታረቁ ነው የተባለው! እኔ ደግሞ ርቦኛል፤ ጋሼ የት አሉ?»

ጋሼ የተባሉት ሰባኪም ስብከቴ ተቆረጠ፣ ተሸነፍኩ ብለው ትርፍ ወንበሮች በሚቀመጡበት ክፍል ተደብቀው ነበር። በዚያም ተቃቀፉ፤ የተደረደረውም ወንበር ሁሉ በላያቸው ተናደ፤ አልተላቀቁምም። ሕዝቡም ወደየተቀየመው ሰው ቤት ተበተነ፤ አንዱ አንዱን ፍለጋ ወጥቶ ነበርና በየቤቱ የሚበላ ሰው ጠፋ።

እነሆ፣ በብዙ ቃል ጥቂት ሰው የቀሰቀሱ ነበሩ፤ በአንድ ቃል ሰፈር ያንቀሳቀሰ ግን ከእኒህ በቀር ማን ተገኘ? ስለዚህ ስማቸው ለልጅ ልጅ ይነገር፦ ዓይን ለዓይን ሰባኪ፣ አሜንን በጊዜው ያደረሱ፣ የመንደሩን ምሳ ሁሉ ያቀዘቀዙ ኃያል!