የእማማ ለተብርሃን ጌም

እኔ ጃፓኖችን አላውቃቸውም። ጃፓናዊ ጎረቤትም ኖሮኝ አያውቅ። ግን የሰላምታን ነገር ያውቁበታል ብዬ ብመሰክር ማን ይከለክለኛል? ይህን የተማርኩት ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር፣ ከአንዲት የሰባ አራት ዓመት ኤርትራዊት ነው።

የምሠራው ታውስዞርግ፣ ማለትም የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው። በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞርኩ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ከሁሉም በላይ አዳምጣለሁ። እማማ ለተብርሃን ግን የሚደመጥ ነገር አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ጠገኑላቸው። እሳቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ደረጃውን አልነካም አሉ። ሊፍት የለ። አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ መጥታ፣ ደረጃ መውረድ ካልቻሉ የአረጋውያን መኖሪያ መግባት ሊኖርብዎት ነው አለቻቸው።

"ያስገቡኝ" አሉ። በቃ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግሩ አጭር ነው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ዴን ሃግ ከተማ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ራሔል ልትጠይቃቸው መጥታ አሮጌ ጌሟን ትታላቸው ሄደች። በእጅ የሚያዝ፣ ስክሪን ያለው፣ ከጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ ነገር ነው። ውስጡ የጃፓን ተረት አለ፤ አራት መንገደኞች፣ አንድ ክፉ ንጉሥ፣ መዓት መንደር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለቀድሞዋ ጸሐፊ አልከበዳቸውም።

በማግስቱ ስገባ መነጽራቸውን አድርገው አቀርቅረዋል። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ደነገጥኩ።

"እማማ፣ ይሄ ነገር ጠንቋይ አለበት አይደል?"

"አለ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እየገደልኩት ነው።"

 አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። ተራራው በውሃ ቀለም የተነከረ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ መንደርተኛው ጥላ ይዘረጋል። ከአራቱ መንገደኞች አንዷ ሰይፍ አታነሳም፤ ሥራዋ የቆሰሉትን ማከም ብቻ ነው። እሷ ከወደቀች ግን ሦስቱ ጀግኖች አንድ ውጊያ አይዘልቁም። ይህን የፈጠረው ጃፓናዊ እናቱ ታውስዞርግ ሳትሠራ አትቀርም።

ዋናው ግን ሰላምታው ነው። ወጣቶቹ ይህን ጌም ሲጫወቱ መንደሩን በሩጫ ያልፉታል አሉ። ለእማማ ለተብርሃን ሰው ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ወታደሩን፣ አጥር ላይ የተኛችውን ድመት ሳይቀር ያነጋግራሉ። አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ የሚቆም ሽማግሌ ሚስቴ ታማብኛለች ብሏቸው ነበር። ሦስት ከተማ ካለፉ በኋላ፣ ንጉሡ ጦር እያሰለፈ ሳለ፣ እሳቸው ወደዚያ ጉድጓድ ተመለሱ። ኧረ ለምን? አልኳቸው።

"ሚስቱ ተሻላት ወይ ሳልለው?"

ተሽሏት ነበር። ሽማግሌውም ደስ ብሎት የአንድ የተዘጋ ግንብ ቁልፍ ሰጣቸው። ለካ ራሔል ጌሙን የተወችው ያን ግንብ መክፈት አቅቷት ነው! በስልክ ጮኸች፤ አያቷን በሆላንድኛ ኦማ ነው የምትላቸው። "ኦማ! አንቺ እንዴት አገኘሽው?"

"ሰው ጠይቄ" አሏት።

ስልኩን ዘግተው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄ" አሉኝ፣ "እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ፊት ለፊቴ ማን እንደሚኖር አላውቅም።"

አይፈረድባቸውም። የሆላንዶች ሰላምታ "ሆይ" ናት። ለእኛ ሆይ የጸሎት መጀመሪያ ነው፤ ለእነሱ የጨዋታ መጨረሻ። እማማ ግን ምርኩዛቸውን አነሱና ሄደው አንኳኩ። አንድ ረጅም ሽማግሌ በሩን ገርበብ አደረገ። ስሙ ኮር መሆኑን ኋላ ነው የሰማነው። እማማ በሆላንድኛ፣ ደህና ነዎት ወይ? አሉት። አሰበበት።

"ለምን?" አለና ዘጋው።

እኔ አፈርኩ። እሳቸው ግን፣ "መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ሰው የሚያወራው ተመልሰሽ ስትመጪ ነው" አሉኝ። በማግስቱ ተመለሱ። አሁንም "ለምን?" አለ። በሦስተኛው ቀን ስናንኳኳ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። 

"ደህና አይደለሁም" አለ።

ሚስቱ የመርሳት በሽታ ይዟት የአረጋውያን መኖሪያ ገብታለች። በየቀኑ ሄዶ ያያታል። ትላንት፣ አንተ ማነህ? አለችው። ዛሬ እግሩ እምቢ አለ።

እማማ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "አብረን እንሂድ!"

በአንድ ክንድ እኔ፣ በአንዱ እሱ። በየእርከኑ ቆምን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንባቸው ወረደ፤ ሕመም ይሁን ፍርሃት አልነገሩኝም። እንመለስ? ብላቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታች ደርሰን በሩ ሲከፈት ነፋሱ መታቸው። ዙሪያውን ቃኙና፣ "ዛፎቹ አድገዋል እኮ" አሉ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን በትራም አብረው ይሄዳሉ። ሚስትየዋ ኮርን እንደረሳች ናት፤ እማማን ግን እህቴ ትላቸዋለች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋም የመዛወሩን ነገር ተወችው።

እኔም ቀናሁ። የእኔ ፊት ለፊት አራት ዓመት በ"ሆይ" የምንተላለፍ አንዲት ጠይም ሴት አለች። የሱሪናም ሰው ትመስለኝ ነበር። አንኳኳሁና በሆላንድኛ፣ ደህና ነሽ ወይ? አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "አወቅሽብኝ እንዴ?" አለች።

"ሐበሻ ነሽ! ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"በገባሽ ሳምንት መዝሙርሽን በበሩ በኩል ሰማሁት" አለች። "አማርኛ መናገሬን ካወቅሽ ቸርች እንሂድ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

አሁን እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነኝ? በጣም አዘንኩባት። እሁድ በአራት ሰዓት ነው የምንጀምረው አልኳት።